ዝክር ነው ያልሁት ልደት

አባቴን በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁ። ከውሸቶቼ አንደኛዋ ግን ሃያ ስድስት ጎልማሳ አስከትላ፣ ከበሮና ጽናጽል አስይዛ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ቤቴ ድረስ መጣችብኝ።

ስሜ ይትባረክ ነው። የዚያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የፎቶ ኮፒና የኅትመት ሱቅ አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበርሁም። እንዲያውም ለማንም "አይሆንም" ብዬ የማላውቅ፣ ሰው ሁሉ የሚወደኝ ነበርሁ። ችግሩም እሱው ነው። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት ስለማልችል ከእውነቱ ይልቅ ደስ የሚያሰኘውን እናገራለሁ። አልጋ ውስጥ ተኝቼ "መታጠፊያው ላይ ደርሻለሁ" እላለሁ። ያልበላሁትን "በልቻለሁ"፣ ያልሰማሁትን "ሰምቻለሁ" እላለሁ። ይህን ሁሉ እንደ ውሸት ሳይሆን እንደ ጨዋነት ነበር የምቆጥረው።

አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው። ከቁስቋም ወረድ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ጎጆ ቀልሰው፣ ዜማውን ከከበሮው፣ ከጽናጽሉና ከመቋሚያው ጋር ማስማማት ይማራሉ። ሁሉም "የኔታ" ነው የሚላቸው። እኔም እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ ከተማሪዎቹ ጋር ስለ ተማርሁ አባባ ማለት አልለመደብኝም፤ የኔታ እላቸዋለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ትምህርቱን ትቼ ወጣሁ። እንዴት እንደ ወጣሁ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ወሩ ግንቦት ነው። ልጃችን ሶስና አራት ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ቀርቷታል። ሶስና በዚያ ዓመት የጓደኞቿን ልደት ስትዞር ከርማ፣ በየሄደችበት ቤት "የእኔም ይመጣል፤ ሁላችሁም ትመጣላችሁ" እያለች ከእናቷም ከእኔም ፈቃድ ሳትጠይቅ አገሩን ጋብዛዋለች። ረቡዕ ከሥራ እንደ ተመለስን ሚስቴ ሰናይት ደብተር ዘርግታ ተቀመጠች። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ሁሉን ነገር ዓምድ አስምራ ካላየችው አያምራትም።

"ስንት ልጅ ነው?" አልኋት።

"ክፍሏ ብቻ ሠላሳ ሁለት ነው። የሰፈሩ አሥራ አንድ። እናቶቻቸውም ልጅ አድርሰው በሩ ላይ አይመለሱም።"

"ለዚህ ሁሉ ሰው ምን እናበላለን?"

"ቀላል ነገር።"

ቀላሉን ነገር ለመፈለግ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሩዝ አልሁ፤ "ልብሳቸው ላይ ያፈሱታል" አለች። ዶሮ አልሁ፤ "አጥንቱ ያንቃቸዋል" አለች። ፒዛ አለች፤ "ሲቀዘቅዝ የጫማ ሶል ይሆናል" አልሁ። በመጨረሻ በአምስት ነገር ተስማማን፦ ተቀቅሎ በትንንሹ የተቆረጠ ድንች፣ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ፈንዲሻ፣ ኬክ። ሰናይት በየዓምዱ ሥር መጠኑን ጻፈች። ለአንድ ልጅ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ ግማሽ ሙዝ፣ አንድ እፍኝ ፈንዲሻ፣ ሦስት አራት ቁራጭ ድንች።

"አያንስም?" አልሁ።

"የአራት ዓመት ልጅ ሆድ የራሱን ቡጢ ያህል ነው" አለችኝ፣ ክትባት የምታስረዳት እናት ፊት እንዳለች ሁሉ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ "የኔታንስ ማን ይጠራቸዋል?" አለች።

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

የመንገር ሐሳብ አልነበረኝም። የኔታ ዘንድ ልደት ሲባል የጌታ ልደት ነው፣ የእመቤታችን ልደታ ናት። የሰው ልጅ ክርስትና ይነሣል እንጂ ሻማ እፍ አይልም ብለው ይቆጡኛል ብዬ በራሴ ወስኛለሁ። ጠይቄያቸው ግን አላውቅም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሱቄ ውስጥ መጥሪያውን እያተምሁ ሳለ የኔታ ከነመቋሚያቸው በሩ ላይ ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ አርባ የሚሆን ሮዝ ካርድ ተዘርግቷል፤ በየካርዱ ላይ የፊኛ ሥዕልና "የሶስና አራተኛ ዓመት ልደት" የሚል ጽሑፍ አለበት። በሁለት ክንዴ ሸፈንሁት። አንዷ ካርድ ብቻ ከክንዴ አመለጠች፤ ግን ፊቷ ወደ እኔ ነው፣ በእርሳቸው በኩል ተገልብጣ ነው የምትታየው። ልቤ አረፈ።

"ዐይንህ እንዴት ነው?" አሉኝ። ሁልጊዜ ሰላምታቸው ይህ ነው።

"ደህና ነው፣ የኔታ።"

"ምንድን ነው የምታትመው?"

"መጥሪያ ነው።"

"የምን መጥሪያ?"

አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ። "የዝክር።"

"ሸጋ! የማን ዝክር ነው?"

"የሚካኤል።"

"መቼ?"

"ቅዳሜ።"

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ። "ሚካኤል እኮ ዛሬ ነው። አሁን ከእርሱ ነው የመጣሁት።"

"አቡነ አረጋዊ! አቡነ አረጋዊ ለማለት ነው።"

"አሃ፣ አሥራ አራት። አቡነ አረጋዊ። ሸጋ አስበሃል።" ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ስንት ሰው ጠራህ?"

"ጥቂት ሰው ነው። ቀላል ነገር ነው፣ የኔታ።"

"በርታ" ብለውኝ ሄዱ። እኔም ራሴን አመሰገንሁ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እንደሚያስተምሩ አውቃለሁ፤ አይመጡም። ቁጣም የለ፣ ቅያሜም የለ፤ ልደቱም ዝክሩም በሰላም ያልፋል።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ድንች ስልጥ፣ ዳቦ ስቀባ ዋልሁ። ጎረቤታችን እትዬ ታንጉት ትልቁን ድስታቸውን አምጥተው ከእኛ ደጅ ሆነው አገዙኝ። ግቢው በፊኛ ተሞላ። ግድግዳው ላይ "መልካም ልደት" የሚል ረጅም ባለቀለም ወረቀት ሰቀልሁ። ለልጆች የሚሆኑ ትንንሽ ቀይ የፕላስቲክ ወንበሮች ተከራይቼ ደረደርሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰናይት ኬኩን ልታመጣ ወጣች። ልጆቹ የሚመጡት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

እትዬ ታንጉት ወደ መንገዱ እያዩ፣ "ምነው ይትባረክ፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አሉ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከታች ነጭ በነጭ የለበሰ ሰልፍ ዳገቱን ይወጣል። ከፊት የኔታ። ከኋላቸው ጥምጥም፣ ከጥምጥሙ ኋላ መቋሚያ፣ ከመቋሚያው ኋላ ሁለት ከበሮ። ሞት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሮጥሁ። ፊኛዎቹ ሃምሳ ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ። ወደ ግድግዳው ዞርሁና ወረቀቱን በቀኝ ጎኑ ስስበው "ልደት" የሚለው ተቀድዶ እጄ ላይ ቀረ፤ "መልካም" የሚለው ከነምስማሩ ግድግዳው ላይ ተረፈ። "ልደት"ን ጨምድጄ ጃኬቴ ውስጥ ከተትሁ። ይሄኔ የኔታ በሩን ገብተዋል።

"ሰላም ለዚህ ቤት!" ግቢውን ቃኙት። "መልካም" ብለው ግድግዳውን አነበቡ። "እውነትም መልካም ነው። ይህስ የተነፋው?"

"ለ… ለጌጥ ነው፣ የኔታ።"

"አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ጅራት ነበር የወጡት፤ አንተ ደግሞ በፊኛ ልታወጣቸው ነው።" ከዚያ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው፣ "ተቀመጡ እንግዲህ" አሉ።

ሃያ ስድስት ጎልማሳ በትንንሽ ቀይ ወንበሮች ላይ ተቀመጠ። ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ። ከመካከላቸው አዛናው የሚባል፣ ከዛሪማ የመጣ፣ በር የሚያህል ተማሪ አለ። ወንበሩን አየት አደረገና ሁለት አጋጥሞ ተቀመጠባቸው። ሁለቱም እግራቸውን ከፈቱ። እሱም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መሬቱ ላይ ተደላድሎ ቀረ።

የኔታ ተነሥተው አቡነ ዘበሰማያት አደረሱ። ማርማላታ የተቀባ ዳቦ በዚያን ያህል ሥርዓት ተባርኮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ "ይቅረብ" አሉ።

ምን ላድርግ? አቀረብሁ።

ሰናይት በዓምድ የጻፈችው ሒሳብ ዐይኔ እያየ ፈረሰ። የአንድ ልጅ ድርሻ ለአዛናው አንድ ጉርሻ አልሞላውም። ዳቦው በደቂቃ አለቀ። ሙዙ ተከተለው። አንዱ ተማሪ ፈንዲሻውን በመዳፉ ይዞ "ቆሎ ነው፣ ግን አየር በዝቶበታል" ብሎ ለጓደኛው ሲያስረዳ ሰማሁ። እኔ ወደ እትዬ ታንጉት ዞሬ "እባክዎን፣ ቤትዎ ውስጥ የሚበላ ነገር የለም?" ብዬ በሹክሹክታ ለመንሁ።

"ምንም የለኝ ልጄ" አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነውታል። ያኔ ያዘኑልኝ ነበር የመሰለኝ።

በዚህ መሐል ልጆቹ መምጣት ጀመሩ። ሮዝ ቀሚስ፣ ክራቫት፣ በሥጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ። በሩ ላይ እየቆሙ አፋቸውን ከፈቱ። አንዱ ሕፃን እናቱን "እነዚህ ሁሉ የሶስና አባቶች ናቸው?" ብሎ ጠየቃት። ሌላው ደግሞ ባዶውን የዳቦ ሳሕን አይቶ ለቅሶውን ለቀቀው።

ሶስና አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከቤት ወጣች፤ አያቷን ስታይ ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ወጣች።

"አባባ፣ ለልደቴ ነው የመጣችሁት?"

ሮጬ ተጠጋኋቸው።

"ምን አለች?" አሉ የኔታ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው።

"ልደታ ነው የምትለው" አልሁ። "የ… የልደታን ነገር ነው።"

"ልደታማ በመባቻው አለፈች። ዛሬ አሥራ አራት አይደለም?"

"አዎ። ልጅ ናት፣ ቀን ትስታለች።"

"ልደቴ ነው ያልሁት!" አለች ሶስና በቁጣ። "ልደታ አላልሁም!"

ሰናይት ኬኩን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ያን ጊዜ ነው። ግቢውን አየች፤ ወንበሮቹን አየች፤ ግድግዳው ላይ "መልካም" የሚለውን አየች። በዐይኗ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

"ምንድን ነው ያደረግኸው?"

"ዝክር ነው ብያቸው ነበር።"

"ለየኔታ?"

"ለየኔታ።"

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና፣ "ይትባረክ፣ ልጅህን በራሷ ልደት ውሸታም አደረግሃት" አለችኝ። "ሂድና ንገራቸው። ካልሆነ ሻማውን ለኩሼ ኬኩን እኔው ይዤ እወጣለሁ።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውሸቴ የሰውን ፊት ከመጥቆር የሚያድን ነበር የሚመስለኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ሶስና ከአያቷ ጉልበት ወርዳ፣ እጇን አጣምራ፣ ከንፈሯን ጥላ ቆማለች። የጠቆረውን ፊት አየሁት። ያጠቆርሁት እኔ ነኝ።

ወጣሁ። አርባ ልጅ፣ እናቶቻቸው፣ ሃያ ስድስት ተማሪ ያየኛል። የኔታ ፊት ቆምሁ።

"የኔታ፣ ዝክር አይደለም። የሶስና ልደት ነው። ዋሽቼዎት ነው።" ከጃኬቴ ውስጥ የተጨማደደውን "ልደት" አውጥቼ ዘረጋሁት። ለምን እንዳወጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

የኔታ ወረቀቱን አነበቡት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ መጀመሪያ ጢማቸው ውስጥ ነበር፤ ቀጥሎ ገንፍሎ ወጣ። ተማሪዎቹም አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ኖሮ ለቀቁት። አዛናው መሬት ላይ ተንከባለለ።

"ያውቁ ነበር?" አልሁ።

"እኔ የተማርሁት አንድ መጽሐፍ ለአምስት ከበን እያነበብን ነው" አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ። "የእኔ ቦታ በመጽሐፉ ራስጌ በኩል ነበር። ከቀጥታው ይልቅ የተገለበጠ ፊደል ይቀናኛል። ያች ሮዝ ካርድህን ከነፊኛዋ አንብቤያታለሁ።"

"ታዲያ ምነው ይህን ሁሉ ሰው ይዘው መጡ?"

"ልደት ብትለኝ ብቻዬን እመጣ ነበር። ዝክር ነው አልኸኝ። ተማሪ ያልበላው ዝክር ደግሞ ዝክር አይባልም።" ወደ እትዬ ታንጉት ዞሩ። "በይ ታንጉት፣ አውጪው።"

እትዬ ታንጉት ሳቃቸውን ማቆም አቅቷቸው ወደ ቤታቸው ሮጡ። ለካ ጠዋት ከእኛ ደጅ የሠሩት የራሳቸው ማድቤት ሞልቶ ነው። የኔታ ገና ማለዳ በባጃጅ አራት ትልልቅ ድፎ ዳቦና በርሜል በሚያህል ድስት የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ልከው ኖሯል። ልጆቹ ሳይበሉ እንዳይቀሩ አስበዋል፤ እኔ ሳያልበኝ እንዳልቀርም አስበዋል።

ንፍሮው በሰፌድ መሬት ላይ ቀረበ። ልጆቹ መጀመሪያ ቆመው አዩት። ከዚያ ሶስና እጇን ሰድዳ አንድ እፍኝ ዘገነች። የቀሩት ተከተሏት። ሳሕን የለ፣ ማንኪያ የለ፣ "እንዳታፈስሱ" የሚል የለ፤ ስንዴ በየአፉ፣ ስንዴ በየክራቫቱ። አንድ እፍኝ ድንች ቀርቶ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ኬኩን ደግሞ በብዛት የበሉት ተማሪዎቹ ናቸው። አዛናው ጢሙ ላይ ነጭ ክሬም ቀርቶበት አመሻሽ ድረስ ዞረ፤ የነገረውም ሰው የለ።

ሻማው ሲበራ ሁሉም የኔታን አየ። "እኔ የተማርሁት ማብራቱን ነው" አሉ፤ "ማጥፋቱን እናንተ ታውቃላችሁ።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሶስና እፍ ስትል ግን በጎን አይተዋል፤ እኔ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ከበሮው ተመታ። ልጆቹ በሁለት መስመር ቆመው፣ ከተማሪዎቹ እኩል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያሉ አጨበጨቡ። ከትንንሽ እግሮች ይልቅ የሳተው የእኔ እግር ነበር።

ልጆቹ ሲበተኑ የኔታና እኔ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

"ምነው ዋሸኸኝ?" አሉኝ፣ ያለ ሳቅ።

"ይቆጣሉ ብዬ።"

"ስንት ጊዜ ተቆጥቼህ አውቃለሁ?"

አሰብሁ። አንድም አላገኘሁም።

"ዐይንህስ እንዴት ነው?"

አሁን የቅድሙን ልንገራችሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ትምህርቱን የተውሁት "ዐይኔን አሞኛል፤ ባሕር ዳር ሄጄ ልታከም" ብዬ ነው። ሄድሁ፤ አልተመለስሁም። ዐይኔ ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በተገናኘን ቁጥር የኔታ "ዐይንህ እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ እኔም "ደህና ነው" እላለሁ። አዝነውልኝ የሚጠይቁኝ ይመስለኝ ነበር።

"ዐይኔን አሞኝ አያውቅም፣ የኔታ" አልሁ። "አቋቋሙ አልሆንልህ አለኝ። ልነግርዎ ፈርቼ ነው።"

የኔታ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው የሚተነፍሰውን ትንፋሽ።

"አውቃለሁ። ድምፅህ ሸጋ ነበር፤ እግርህ ግን ከከበሮው ጋር ተጣልቶ የተወለደ ነው። ያኔውኑ ብትነግረኝ ወደ ቅኔ ቤት እሰድህ ነበር፤ ወይ ወደ ፈለግህበት። በየጊዜው የምጠይቅህ አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ ነው።"

አሥራ አራት ዓመት። እኔ በጨዋነት የሸፈንሁት እየመሰለኝ፣ እርሳቸው በር ከፍተው ሲጠብቁኝ ነው የኖሩት። አለቀስሁ። የኔታ አላባበሉኝም፤ ከኪሳቸው የተረፈ ንፍሮ አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ውሸት ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፌ ጠፋ ብላችሁ አታስቡ። አሁንም ምላሴ ላይ ትመጣለች። ግን ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፦ ይህ ሰው ይከፋዋል ብዬ የወሰንሁት ጠይቄው ነው ወይስ ገምቼ? ብዙውን ጊዜ ገምቼ ነው። እናንተም አንድ ጊዜ ሞክሩት። ያስፈራል፤ ግን እንደሚመስለው አይደለም።

ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት ሱቄን እንደ ከፈትሁ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉን እንድጠርዝለት ከሰጠኝ ሳምንት ሆኖታል።

"አለቀ?" አለኝ።

"አልነካሁትም" አልሁት። "ልደት ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ይቅርታ።"

ልጁ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠና፣ "እግዜር ይስጥህ" አለ። "የሰጠሁህ ጎዶሎውን ነው፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ገና አልተጻፈም። ለአማካሪዬ ጥረዛ ቤት ነው ብዬው፣ አልቋል ብትለኝ ምን እንደምሆን ጨንቆኝ ነበር የመጣሁት።"